«ረዳት ግሥ» ስለሚለው ስያሜና ስለ እንግሊዝኛው አሉታ አተረጓጎም

«ረዳት ግሥ» የሚለው ስያሜ በትምህርት ቤት ሰዋስውና በሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ከተለመደ ቆይቷል። ፍችውም አብዛኛውን ጊዜ «ዋናውን ግሥ የሚረዳ ግሥ» ተብሎ ይዘጋል። ይህ አፈታት ስሙን ከመድገም አያልፍም፤ አንባቢው ረዳቱን ከዋናው የሚለይበት መመዘኛ አያገኝበትም። ነገሩ የስያሜ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣነው ነበር፤ ዳሩ ግን መዘዙ እስከ ሕግ ትርጉም ድረስ ይዘልቃል።

የእንግሊዝኛ ረዳት ግሥ የሚታወቀው በትርጉሙ ሳይሆን በጠባዩ ነው። ፓልመር የፈርዝን ሐሳብ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጥናት እንዳብራራው፣ ረዳት ግሥ አሉታውን በቀጥታ ይቀበላል፤ በጥያቄ ጊዜ ከባለቤቱ ይቀድማል፤ ዋናው ግሥ ሳይደገም ብቻውን ይቆማል፤ አጽንኦትንም ይሸከማል። ይህን የማይችል ግሥ «ዱ»ን ይዋሳል። ረዳቱ ራሱ የሐረጉ መሪ ነው ወይስ የዋናው ግሥ ተከታይ የሚለው ክርክር ረጅም ነው። ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ረዳቶቹም ዋና ግሦች ናቸው ብሎ ተከራክሯል፤ በ2002 የታተመው የኸድልስተንና የፑለም ሰዋስውም ወደዚያው ያዘነብላል። ክርክሩ ግን አራቱን ጠባዮች አይነካም።

በአማርኛ መልኩ ይገለበጣል። «ይሰብራል» በሚለው ውስጥ ረዳቱ «አለ» ነው፤ አሉታ ሲመጣ ግን ይወድቃል፤ «አይሰብርም» እንላለን። «ሰብሯል»ም «አልሰበረም» ይሆናል። «ይሰብር ነበር» ሲፈርስ «አይሰብርም ነበር» ነው፤ አሉታው ረዳቱን ዘልሎ ዋናው ግሥ ላይ ያርፋል። እንግዲህ በእንግሊዝኛ የዓረፍተ ነገር አሉታ ረዳትን ይፈልጋል፤ በአማርኛ ግን ረዳቱን ያባርራል ወይም ያልፈዋል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ባይከፋም፣ በአንድ ፍች መዝጋት ግን ተማሪውን ማሳሳት ነው።

«ካን» በ«ቻለ» ሲፈታም ተመሳሳይ ችግር ይታያል። «ቻለ» ሙሉ ግሥ ነው፤ በመደብ ይረባል፣ «መቻል» የሚል አርእስት አለው፣ «አስቻለ» እና «ተቻለ» ይወጡለታል፣ ተሳቢም ይወስዳል፤ «እንግሊዝኛ ይችላል» እንዲሉ። «ካን» ግን አርእስት የለውም፤ በሦስተኛ መደብም አይለወጥም። ትርጉማቸው ተቀራረበ ተብሎ የሰዋስው ወገናቸው አንድ ሊባል አይገባም።

ዋናው ጉዳት የሚታየው በአሉታ ነው። በእንግሊዝኛ «መስት ኖት» ክልከላ ነው፤ «ኒድ ኖት» ግዴታን ያነሣል። መዝገበ ቃላቱ «መስት»ን «አለበት» ብሎ ከፈታ፣ ተርጓሚው «መስት ኖት»ን «የለበትም» ብሎ ይመልሳል። ነገር ግን «ተከራዩ መክፈል የለበትም» ሲባል እንዳይከፍል ተከለከለ ማለት ነው ወይስ ባይከፍል አይጠየቅም ማለት? አማርኛው ሁለቱንም ይሸከማል። «አለመክፈል አለበት» ቢባል ክልከላው ይጠራል፤ ለጆሮ ግን ይከብዳል፤ ስለዚህም ጸሐፊዎች ይሸሹታል።

በ«ሜይ» ግን የሚያሻማው እንግሊዝኛው ነው። «ሜይ ኖት» አንዳንዴ ይከለክላል፣ አንዳንዴ ያለመሆንን ዕድል ይገልጻል። አማርኛው እነዚህን ይለያል፦ «ሊከፍል አይችልም» እና «ላይከፍል ይችላል»። አሉታው «ቻለ» ላይ ማረፉ ወይም ወደ ተከታዩ ግሥ መግባቱ ብቻውን ይበቃል። የቋንቋችንን እንዲህ ያለ ብልጫ የሚመዘግብ መዝገበ ቃላት አለመለመዱ ያሳዝናል።

«ሻል»ም ሌላ ፈተና ነው። የወንጀል ሕጋችን «ይቀጣል» የሚለውን እንግሊዝኛው አንዳንዴ በ«ሻል» ይገልጸዋል፤ አማርኛው ረዳት ቃል አላስፈለገውም። ለእያንዳንዱ «ሻል» «አለበት» የሚሰካ ተርጓሚ «መቀጣት አለበት» ብሎ ድንጋጌውን ወደ ምክር ያወርደዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም በዚህ ቃል ተቸግረዋል፤ የአሜሪካ ፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንቦች እ.ኤ.አ. በ2007 በአዲስ አጻጻፍ ሲወጡ «ሻል» ተወግዷል።

በእኛ አገር ጉዳዩን የሚያከብደው ሌላ ምክንያት አለ። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ሕጎች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማሉ፤ ልዩነት ሲኖርም የበላይነት ያለው አማርኛው ነው። ስለዚህ ረቂቁ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ «መስት ኖት» ወደ «የለበትም» ቢመለስ፣ ዳኛው የሚያነበው አሻሚውን ነው።

እኛ የምንጠይቀው ስያሜው ይለወጥ ብለን አይደለም። «ረዳት» ይቆይ፤ ፍቹ ግን በአራቱ ጠባዮች ይጻፍ። እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ረዳት ግሥ በአዎንታውና በአሉታው ለየብቻ ይፈታ፤ ለ«መስት ኖት» «ክልክል ነው»፣ ለ«ኒድ ኖት» «ግዴታ የለበትም» ይቀመጥ። «ኒድ» አንዳንዴ እንደ ረዳት፣ አንዳንዴ በ«ዱ» እየታገዘ እንደ ሙሉ ግሥ ስለሚገባ፣ ሁለት የተለያዩ ንኡሳን ፍቾች ያሻዋል።