ካሊፐር የሚፈተነው ሲለቅ ነው

የሞተር ሳይክል የፍሬን ካሊፐር አጽድቶ ግራሶ መቀባት በብዙ ጋራዥ ለረዳቱ የሚጣል ሥራ ነው። እኔ ግን የአንድን መካኒክ እጅ ማወቅ ስፈልግ ካሊፐር ሲያጸዳ አጠገቡ ቆሜ አያለሁ። እጀታውን ጨብጦ «ይኸው ያዘ» ማለት ለማንም አይከብድም። ሙያው የሚታየው እጀታው ሲለቀቅ ነው።

እንደ አፓቼና ፐልሰር ባሉ ብዙ ሞተሮች ላይ የፊቱ ካሊፐር ተንሸራታች ነው። ፒስተኑ ያለው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ፣ አንዱን ሸራ ገፍቶ ዲስኩ ላይ ሲያሳርፍ ካሊፐሩ ራሱ በፔርኖዎቹ ላይ ይንሸራተትና ሁለተኛውን ሸራ ከወዲያ በኩል ስቦ ያስጠጋዋል። እጅ ሲለቀቅ ግን ፒስተኑን የሚመልስ ሞላ የለም። የሚመልሰው ወገቡን ያቀፈው ጠፍጣፋ ጎሚኒ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ጎሚኒው አብሮት ይለጠጣል፤ ግፊቱ ሲቀር ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን ይዞት ይገባል። የሚመልሰው ርቀት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያች ቦታ ላይ የክረምት ጭቃ፣ የሸራ ብናኝና ዝገት ሲጋገርበት ፒስተኑ በወጣበት ይቀራል፣ ሸራው ዲስኩን እያሸ ይውላል፣ ሙቀቱም ወደ ዘይቱ ይሻገራል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ቁልቁለት ላይ እጀታው ባዶ ይሆናል። የማይለቅ ፍሬን ዞሮ ዞሮ የማይዝ ፍሬን የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ጥሩ መካኒክ ብሩሽ ከማንሳቱ በፊት አሮጌዎቹን ሸራዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያያቸዋል። አንደኛው አልቆ ሌላኛው ወፍራም ከሆነ፣ ወይም አንዱ ሸራ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ሽብልቅ ከተበላ፣ ብዙውን ጊዜ ካሊፐሩ በፔርኖዎቹ ላይ አልተንሸራተተም ማለት ነው። ሁለቱም እኩል አልቀው ዲስኩ ግን ሁልጊዜ ሲግል ከቆየ ጥርጣሬው ወደ ፒስተኑ ይሄዳል። ሸራውን ሳያይ ወደ ቆሻሻ የወረወረ ሰው የበሽታውን ምልክት አብሮ ጥሎታል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ ቆሞ ማየት ለእኔ ደስታ ነው። መካኒኩ ካሊፐሩን ከዲስኩ አውጥቶ፣ በዘይት ቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ አስሮ፣ እጀታውን ቀስ እያለ ይጫናል። ፒስተኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቅ ሲል ያቆማል። በሳሙና ውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ዙሪያውን ያሻል። ቀጥሎ ቀጭን ጨርቅ ከፒስተኑ ጀርባ አሳልፎ ሁለቱን ጫፎች እየተቀባበለ፣ ሊስትሮ ጫማ እንደሚወለውለው፣ ብረቱ እስኪያበራ ይጎትታል። ከፊት የሚታየውን ግማሽ ብቻ ያጸዳ ሰው ምንም አልሠራም፤ ቆሻሻው ከጀርባ በኩል አለ። ሁለት ፒስተን ያለው ካሊፐር ላይ ደግሞ አንዱ ቀድሞ ይወጣና ሌላው ይለግማል። እጁ የበሰለ መካኒክ የሚሮጠውን በእንጨት ይዞ ሰነፉን በግፊት ያስወጣዋል።

ቆሻሻውን ሳያጸዳ ፒስተኑን በካቻቪቴ ወደ ውስጥ የሚገፋ ካዩ ሥራውን ያስቁሙት። አሸዋውን ጎሚኒው ላይ እየፈጨው ነው። ፒስተኑን በፒንሳ ነክሶ የሚያዞርም እንዲሁ፤ የፒንሳው ጥርስ የጫረው ብረት ነገ ዝገት ያበቅላል፣ ዝገቱም ጎሚኒውን ይበላል። ፒስተኑ ሲገባ ላይ በማጠራቀሚያው ያለው ዘይት ከፍ ስለሚል ክዳኑን ከፍቶ መጠኑን የሚጠብቅ፣ ታንከሩንም በጨርቅ የሚሸፍን መካኒክ ያስተዋለ ነው፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል።

ስለ ግራሶው ከራሴ ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ የሞተሬን ካሊፐር የጎማ ኩሽኔታ በሚቀባበት ግራሶ ሞልቶ ሰጠኝ። ብዙ ስለተቀባ ጥሩ የተሠራ መስሎኝ አመስግኜ ወጣሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ የፊት ጎማው በእጅ ሲገፋ እምቢ ማለት ጀመረ። ሲፈታ የፔርኖዎቹ ጎሚኒዎች አብጠው፣ እንደ ተነከረ ዳቦ ለስልሰው ወጡ። ከነዳጅ የሚወጣ ግራሶ፣ ቤንዚንና ናፍታ የፍሬን ጎሚኒ ያሳብጣሉ። ለፔርኖው የሚሆነው የሲሊኮን ግራሶ ነው፤ ለፒስተኑ ጎሚኒ ከጉሎ ዘይት የሚሠራው ቀዩ የጎሚኒ ግራሶ። እሱ ከጠፋ ጎሚኒውን በአዲስ የፍሬን ዘይት አርሶ መግጠም ያስኬዳል። የግራሶው መጠንም ፔርኖውን ለማወዛት ያህል ብቻ ነው። ሥራው አልቆ ከውጭ ግራሶ የሚታይ ከሆነ በዝቷል፤ የተረፈው አቧራ ይሰበስባል፣ ሲሞቅም ወደ ሸራው ሊወርድ ይችላል። ግራሶ የነካው ሸራ ይቀየራል።

ርክክቡ ላይ እኔ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። ካሊፐሩ ሳይገጠም በጣት ሲገፋ በፔርኖዎቹ ላይ ያለ ድምፅ መሄድና መመለስ አለበት። ከተገጠመ በኋላ መካኒኩ ሞተሩን ከማስረከቡ በፊት እጀታውን ደጋግሞ ተጭኖ ሸራውን ወደ ዲስኩ ማስጠጋት አለበት፤ ይህን የዘነጋ ሰው ደንበኛውን ያለ ፍሬን አስፋልት ላይ ያወጣል። ከዚያ የፊት ጎማውን ከመሬት አንስቶ ማዞር፣ መያዝ፣ መልቀቅ፣ እንደገና ማዞር። ሸራው ዲስኩን ሲዳስስ የሚሰማ ቀጭን ሹክሹክታ ችግር የለውም። ጎማው አንድ ዙር እንኳ ሳይሞላ ከቆመ ግን ሥራው አላለቀም።

በመጨረሻ ብቻዬን አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር እነዳለሁ፤ መንገዱ ከፈቀደልኝ የፊቱን ፍሬን ብዙም አልነካም። ቆሜ ከውኃ ጠርሙሴ አንድ ጠብታ ዲስኩ ላይ ጠብ አደርጋለሁ። ዝም ብሎ ከወረደ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። «ጭስስ» ካለ ወደ ጋራዡ እመለሳለሁ።