«ጥሩ ትምህርት ቤት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ስለ ወሰን መከራከር የምንወድ ሰዎች ነን። ስለ ባድመ፣ ስለ አልፋሽጋ፣ ስለ ክልል አከላለል ሲነሳ በየቤቱ ካርታ ይወጣል፣ የምኒልክ ዘመን ውል ይጠቀሳል፣ ስልኩ እጅ ላይ እስኪግል ድረስ ይወራል። በዚህ ማንንም አልነቅፍም፤ እኔም ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነኝ። የሚገርመኝ ሌላ ነው። እዚሁ በምንኖርበት ካውንቲ ልጆቻችን የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚገቡ የሚወስነው መስመር ሊቀየር ነው ተብሎ ሕዝብ ሲጠራ፣ በሞንጎመሪ ካውንቲ እንደሚደረገው የትምህርት ቤት ማስታወቂያ በአማርኛ ተተርጉሞ በሚወጣበት አካባቢ እንኳ፣ ከኛ መካከል ብቅ የሚለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ብቅ ካልንም ምን እንደምንል ቆይቼ እመለስበታለሁ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከተጻፉት ሁሉ ደጋግሜ የማነበው አንድ ጽሑፍ አለ። ጋዜጠኛዋ ኒኮል ሀና ጆንስ እ.ኤ.አ. በ2016 በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ ያወጣችው፣ በዘር በተከፋፈለች ከተማ ለልጇ ትምህርት ቤት ስለ መምረጥ የሚተርክ ረጅም ጽሑፍ ነው። ብዙዎቻችን ሴትዮዋን የምናውቃት በ2019 ባስጀመረችው «1619» በተባለው የባርነት ታሪክ ፕሮጀክት ነው። ለኔ ግን ያኛው ካስነሳው አቧራ ይልቅ ይህኛው ይበልጥብኛል። ሊተች የሚገባው ነገርም አለው፤ የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ነው።

ታሪኩ ብሩክሊን ውስጥ ነው። በብሩክሊን ሃይትስ ሰፈር ፒ.ኤስ. 8 የተባለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ያኔ አብዛኞቹ ተማሪዎቹ ነጮችና ኑሮ የደላቸው ሲሆኑ፣ ከአቅሙ በላይ ተጨናንቆ ነበር። ከዚያ ሳይርቅ፣ ፋራጉት ከተባሉት የመንግሥት ኪራይ ቤቶች አጠገብ፣ ፒ.ኤስ. 307 ይገኛል። የዚህኛው ተማሪዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥቁሮችና ላቲኖዎች ነበሩ፤ ክፍሎቹም ቦታ ነበራቸው። በ2015 የከተማው ትምህርት ቢሮ በደምቦና በቪኔጋር ሂል ያሉትን ቤተሰቦች፣ ማለትም በየአዳዲሱ ውድ አፓርታማ የገቡትን፣ ከ8 ወደ 307 ለማዛወር ሐሳብ አቀረበ። በቃ፣ ቤቱ ተናጋ።

የጽሑፉ ጉልበት ያለው እዚህ ነው። ሀና ጆንስ በስብሰባዎቹ የተነገረውን እንደ አንድ ድርሰት ቃል በቃል ትመረምረዋለች። «ከጥቁር ልጆች ጋር አናስተምርም» ያለ ሰው የለም። የሚነሳው የፈተና ውጤት ነው፣ ጥድፊያው ነው፣ በቂ ምክክር አለመደረጉ ነው። ሁሉም ብዝኀነትን ይወዳል፤ ችግሩ ሁልጊዜ ሌላ ነገር ነው። ደራሲዋ አትጮህም፣ ማንንም በስድብ አትሞልጭም፤ ጨዋውን ቋንቋ ብቻ አንባቢው ፊት ታስቀምጠዋለች። ይህን ማድረግ ከመሳደብ ይከብዳል፤ የኛ ጸሐፍት (እኔም ጭምር) ብንማረው ባልከፋ።

ከዚያም ያልጠበቅነውን ታሳየናለች። የ307 ወላጆችም ሐሳቡን ተጠራጠሩት። ለምን ቢባል፣ ትምህርት ቤቱን በላባቸው ያቀኑት እነሱ ናቸው፤ የቻይንኛ ትምህርት ሳይቀር ይሰጥበት ነበር። ሀብታሞቹ ሲመጡ የወላጆች ኮሚቴውን ይይዛሉ፣ ገንዘብ ይሰበስባሉ፣ ከዚያ በኋላ የራሳችን ልጆች በራሳችን ቤት እንግዳ ይሆናሉ ብለው ፈሩ። በጃንዋሪ 2016 የአካባቢው የትምህርት ምክር ቤት ለውጡን አጸደቀው። ስጋታቸው ግን በድምፅ ብልጫ የሚጠፋ ዓይነት አልነበረም፤ ደራሲዋም ታውቀዋለች፣ አትሸፋፍነውም።

እንግዲህ ወደ ነቀፌታዬ ልምጣ። ሀና ጆንስ የምትኖረው ቤድፎርድ ስታይቨሰንት ውስጥ ነበር፤ ልጇን ወደ 307 የላከቻት መስመር አስገድዷት ሳይሆን መርጣ ነው። ስለዚህ የጽሑፉ ልብ የአንዲት እናት ሕሊና ሆነ፦ ሌላ ምርጫ እያለኝ ልጄን ድሆች ወደሚበዙበት ትምህርት ቤት ልላክ ወይስ አልላክ? ጥያቄው ያምራል፣ አንባቢንም ይነካል። ነገር ግን መስመሩን የሚያሰምረው የሕዝብ አካል ነው፤ የሚያሰምረውም የሚሰበሰበውን ሰው ፊት አይቶ ነው። አንባቢው ጽሑፉን ጨርሶ ሲነሳ «እኔስ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ይላል እንጂ «ቦርዱ መቼ ነው የሚወስነው?» አይልም። አሜሪካኖች የመዋቅርን ጉዳይ ወደ ግል ኑዛዜ መለወጥ ይወዳሉ፤ እሷም ከዚህ አላመለጠችም።

ሁለተኛው ነቀፌታዬ ከዚህ ይጠነክራል። በጽሑፉ ውስጥ ሚዛኑን የያዙት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ ነጭ ባለጸጋና ጥቁር ድሃ። ከውጭ መጥቶ፣ ሁለት ሥራ ሠርቶ፣ ለትምህርት ቤቱ ሲል በውድ ዋጋ ቤት የገዛው ስደተኛ በዚያ ሥዕል ውስጥ ቦታ የለውም። ይህ ሰው ምን እንደሚል ለማወቅ ወደ ሜሪላንድ መምጣት ያስፈልጋል።

በኦገስት 2019 የሃዋርድ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ሱፐርኢንቴንደንት ማይክል ማርቲራኖ ወደ 7,400 የሚጠጉ ተማሪዎችን የሚያዛውር ሐሳብ አቀረቡ። ምክንያቱ ሁለት ነበር፤ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ሲጨናነቅ ሌላው ቦታ ይዞ መቀመጡ፣ በነጻ ወይም በቅናሽ ምሳ የሚበሉ ልጆችም በጥቂት ትምህርት ቤቶች ውስጥ መከማቸታቸው። ልብ በሉ፣ ይህ ካውንቲ ኮሎምቢያ የምትገኝበት ነው። ጄምስ ራውዝ በ1967 ሀብታምና ድሃ፣ ጥቁርና ነጭ አብሮ እንዲኖርባት ብሎ የቆረቆራት ከተማ ናት። የካውንቲው ቤተ መጻሕፍት «ጨዋነትን ምረጡ» የሚል ዘመቻ ያካሄደበት አገር ነው። በዚያ መኸር ግን ጨዋነቱ ሩቅ ነበር። ሰልፍ ተወጣ፣ ለቦርዱ ደብዳቤ ጎረፈ፣ ከደብዳቤዎቹ አንዳንዶቹ ለማንበብ የሚያሳፍሩ ነበሩ። በኖቬምበር ቦርዱ ቁጥሩን ቀንሶ ወደ 5,400 የሚሆኑ ተማሪዎች እንዲዛወሩ ወሰነ።

ከተቃዋሚዎቹ መካከል ከእስያ የመጡ ስደተኞች ብዙ ነበሩ። ንግግራቸው ከደምቦ ወላጆች ይለያል። «ምንም ሳይኖረን መጣን፣ ሠርተን አገኘን፣ ለልጆቻችን ስንል እዚህ ገዛን፤ አሁን ለምን ትቀሙናላችሁ?» ነው የሚሉት። ይህን ሰምቶ ልቡ የማይራራ ስደተኛ የለም። እኔም ራራሁ። ሆኖም አረፍተ ነገሩን ዝም ብለን ካየነው በውስጡ አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ትምህርት ቤቱ ከቤቱ ጋር ተሽጧል የሚል። ሻጩ ማን ነበር? ውሉስ የት አለ? ቤት ሲገዛ የሚፈረመው የወረቀት ቁልል ውስጥ ልጁ እገሌ ትምህርት ቤት ለመማር መብት አለው የሚል አንቀጽ አይገኝም። ደላላው አፍ ላይ ግን አለ።

በዚህ ላይ ከወገኖቼ አፍ ደጋግሜ የምሰማው ክርክር አለ፤ «የምከፍለው ግብር ነው ትምህርት ቤቱን ያቆመው» የሚል። በሜሪላንድ ይህ ስህተት ነው። ሜሪላንድ ያሏት የትምህርት ሥርዓቶች 24 ብቻ ናቸው፤ 23ቱ ካውንቲዎችና ባልቲሞር ከተማ። የቤት ግብሩ ወደ ካውንቲው አንድ ካዝና ገብቶ፣ ከክፍለ ግዛቱ ገንዘብ ጋር ሆኖ፣ ለካውንቲው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይበጀታል። በፖቶማክ የሚከፈለው ግብር በዊተን ያለውንም ያስተምራል። በብዙ የሰሜን ክፍለ ግዛቶች እያንዳንዷ ትንሽ ከተማ የራሷ የትምህርት ወረዳ አላት፤ እዚያ ክርክሩ ገና ሳይጀመር አልቋል። ምክንያቱም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 በዲትሮይት ጉዳይ፣ ሚሊከን እና ብራድሊ በተባለው ክስ፣ ዙሪያ ያሉ ወረዳዎች በመለያየቱ ውስጥ እጃቸው እንዳለበት ካልተረጋገጠ በቀር መፍትሔው የወረዳ ድንበር ተሻግሮ ሊጫንባቸው አይችልም ብሎ 5 ለ4 ወሰነ። የባልቲሞሩ ልጅ ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ተቃውመው ጻፉ፤ አልተሰሙም። በኛ ካውንቲ መስመሩ የውስጥ መስመር ስለሆነ ሕዝብ የመረጠው ቦርድ በአንድ ምሽት ሊያነሳው ይችላል። ክርክሩ እዚህ እንዲህ የሚጦዘውም ለዚህ ነው።

ወደ ርእሴ ልመለስ። «ጥሩ ትምህርት ቤት» ስንል ምን ማለታችን ነው? ቤት የሚፈልግ ወገን መጀመሪያ የሚያየው ግሬትስኩልስ የተባለው ድርጅት የሚሰጠውን ከ1 እስከ 10 ያለውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ በቤት ሽያጭ ገጾች ላይ ከመኝታ ቤቱ ብዛት ጋር ተሰልፎ ይታያል። በአመዛኙ የሚሠራውም ከፈተና ውጤት ነው። የፈተና ውጤት ደግሞ ከምን ጋር አብሮ እንደሚሄድ ከ1966 ጀምሮ ይታወቃል። የጆንስ ሆፕኪንሱ ጄምስ ኮልማን ከ600,000 በላይ ተማሪዎችን አጥንቶ፣ ከሕንጻውና ከመሣሪያው ይልቅ የልጁ ቤተሰብ፣ ቀጥሎም አብረውት የሚማሩት ልጆች ቤተሰብ፣ ውጤቱን እንደሚወስኑት ጽፏል። ስለዚህ 9 የሚል ቁጥር ያለው ትምህርት ቤት ስንገዛ በአመዛኙ የምንገዛው ጎረቤት ነው። አስተማሪው ፊደል በማስቆጠር ጎበዝ ይሁን አይሁን ቁጥሩ ብዙም አይነግረንም። እኛ ግን «ትምህርት ቤቱ 9 ነው» ስንል አስተማሪዎቹን ያመሰገንን ይመስለናል።

ከመስመሩ ማዶ ያለነውም እኛው ነን። በሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ተከራይቶ ማታ ማታ ታክሲ የሚነዳ፣ በነርሲንግ ሆም ሌሊት የሚያድር ወገን ስንት ነው? ከነዚህ ውስጥ ልጁን በዘመድ አድራሻ የሚያስመዘግብ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስናወራውም እንደ ብልሃት ነው። ኦሃዮ ውስጥ ኬሊ ዊልያምስ ቦላር የተባለች ጥቁር እናት በአባቷ አድራሻ ልጆቿን አስመዝግባ በ2011 ዘጠኝ ቀን ታስራለች፤ የክፍለ ግዛቱ ገዥ በኋላ ወንጀሉን ወደ ቀላል ጥፋት እስኪያወርዱላት ድረስ ስሟ በከባድ ወንጀል ተመዝግቦ ነበር። አንዱ መስመሩን በሞርጌጅ ይሻገራል፣ ሌላው በአክስት አድራሻ። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ቆሞ ሊናገር ይችላል፤ ሁለተኛው ስሙን እንኳ በመዝገብ ማስፈር ይፈራል።

መስመር መለወጥን የሚቃወም ሁሉ ዘረኛ ነው ብዬ አይደለም። የስድስት ዓመት ልጅን አውቶቡስ ላይ አርባ ደቂቃ ማስቀመጥ ቀልድ አይደለም። አራተኛ ክፍል ላይ አንድ ጊዜ፣ ስድስተኛ ላይ ሌላ ጊዜ የሚዛወር ልጅ ጓደኛ አያበጅም። መኪና የሌላት እናት ልጇ ሲታመምባት ሁለት አውቶቡስ ቀይራ መድረስ አለባት፤ ርቀት ከሀብታሙ ይልቅ ድሃውን ይጎዳል። ከሃዋርድ ሰልፈኞች መካከል ይህን ያነሱ ነበሩ፣ መልስም ይገባቸው ነበር። የ307 ወላጆች ስጋትም እንዲሁ። የሚያሳዝነው እነዚህ እውነተኛ ጥያቄዎች ስለ ቤት ዋጋ በሚጮኸው ድምፅ መዋጣቸው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ሊናገር ተመዝግቦ፣ እንግሊዝኛውን እንዳርምለት የሁለት ደቂቃ ንግግሩን ላከልኝ። የካውንቲውን ስም አልጠራም። አነበብኩት። ከደምቦና ከሃዋርድ የተገለበጠ እስኪመስል ድረስ ያው ነበር፤ የፈተናው ውጤት፣ ጥድፊያው፣ የከፈለው መስዋዕትነት። መካከል ላይ «ከዚያ ከአፓርታማዎቹ የሚመጡት ልጆች ትምህርት ቤታችንን ይጎትቱታል» የሚል አረፍተ ነገር ነበረበት። ደወልኩለት።

«እነዚያ አፓርታማዎች እህትህ ያለችበት አይደሉም እንዴ?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ «ኧረ ወንድሜ፣ የእህቴን ልጆች ማለቴ መሰለህ?» አለኝ።

እንዳልነበረ አውቃለሁ። ደምቦም ሃዋርድም ያሉት ማንንም ማለታቸው አልነበረም። አረፍተ ነገሩን አውጥቶ የቀረውን እንዳለ አነበበው፤ ተጨበጨበለት። እህቱ ያን ምሽት ሥራ ነበረች።