የእምዬ ፈትል

ጋቢ ሲገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጥለቱን ነው። ቀጥሎ ስፋቱን ይለካል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ሸማኔው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ፈታይዋ ማን ናት ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ ጥለቱን ትቼ ነጩን ሜዳ ወደ ብርሃን አነሣዋለሁ። ይህን ያስለመደችኝ አያቴ ናት፤ ልጅ የልጅ ልጁ ሁሉ እምዬ የሚላት፣ በደብረ ታቦር ዙሪያ በፋርጣ ገጠር ኖራ ያለፈች ሴት። ስለ ደግነቷ በለቅሶዋ ላይ ብዙ ተብሏል፤ አልቃሿም አላጎደለችባትም። ስለ እጇ ግን የተናገረ አልነበረም።

የዚያ አገር ብርድ የሚቀለድበት አይደለም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር ትበልጣለች፤ የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፣ ከእሱ የሚወርደው ነፋስም ገብሱንም እረኛውንም አብሮ ያጎነብሳል። ብርዱ እንዲህ ሆኖ ጥጡ እዚያ አይበቅልም። እንደ መተማና ቋራ ካለው ቆላ ተነሥቶ በገበያ በኩል ይደርሳል። ለደገኛ ሴት ጥጥ ከእንቁላሉ፣ ከቅቤው፣ ከጌሾው ሽያጭ በተቆጠበ ገንዘብ የሚገባ ነገር ነበር። እምዬ አንዲት ቁንጣሪ ባዘቶ መደብ ሥር ወድቃ ካየች የጀመረችውን ወሬ አቋርጣ ታነሣታለች።

ጥጡ ከነፍሬው ነው የሚመጣው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግታ በብረት መዳመጫ ትገፋዋለች፤ ብረቱ ሲንከባለል ፍሬው ወደ ፊት እየፈነጠረ ይወጣል፣ ጥጡ ከኋላ ይቀራል። ክንድ ከበረታ ፍሬው ይፈጫል፣ ስብርባሪውም ከጥጡ ጋር ተደባልቆ እስከ ሸማኔው ድረስ ይከተላል። ከዚያ ደጋኑ ይመጣል። ጅማቱ ጥጡ መካከል ሲነዝር የተጣበቀው ይለያያል፣ ይነፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶውን ቆንጥራ ጠቅልላ አመልማሎ ታደርገዋለች። ብዙ ፈታይ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። አመልማሎው አንድ ቦታ ከጠበቀ ክሩ እዚያው ያብጣል፤ ከሳሳም እዚያው ይበጠሳል። እምዬ የጎረቤቶቿን ክር ከማየቷ በፊት አመልማሏቸውን አይታ ፍርድ የምትሰጠው ለዚህ ነበር። ሐሜተኛ ናት የሚሏትም ነበሩ።

ፈትሉን ልጅ ሆኜ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ምን እንዳየሁ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው። እንዝርቷን ጭኗ ላይ በመዳፏ አሹራ ትለቃታለች። አመልማሎ የያዘው እጅ ወደ ላይ እየሸሸ ይሄዳል፣ ክሩም ከኋላው ይረዝማል። ሥራው ያለው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ነው። የእንዝርቷ ዙር ክሩን እያከረረ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጣቶቹ ካላገዱት አመልማሎው ውስጥ ገብቶ ጥጡን ያንቀዋል፣ ከዚያ ወዲያ አይሳብም። ጣቶቹ ጨርሰው ከዘጉ ደግሞ ያልከረረው ጥጥ ተለይቶ ይወጣል። ስለዚህ ሳይዘጉም ሳይለቁም፣ በልክ እያሳለፉ መያዝ አለባቸው። ልኩ በዐይን አይታወቅም። ዐይኗ በደከመበት ዘመን ኩራዝ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ሲተኛ እንዝርቷ ስትዞር ይሰማ ነበር፤ በማግስቱ ልቃቂቱን ሳየው የማታው ከቀኑ አይለይም።

ድርና ማግ አንድ ዓይነት ክር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ድር በሸማኔው እቃ ላይ ተወጥሮ ይውላል፤ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ሲፋተግ ይውላል፤ ስለዚህ ቀጭንና የከረረ መሆን አለበት። ማግ በመወርወሪያ ተጉዞ የሚተኛ ነው፤ ብዙ ጉልበት አይጠየቅም፣ የሚጠየቀው ልስላሴና ሙቀት ነው። የከረረ ክር ጠንካራ ቢሆንም ሰውነት ላይ ይሻክራል። የላላው ጥጥ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ ሰውን የሚያሞቀው ያ የተያዘ አየር ነው። አንዲት ሴት በአንዲት እንዝርት ከአንድ ጥጥ ሁለቱንም ታወጣለች፤ ልዩነቱ እንዝርቷ ስንት ጊዜ እንድትዞር ፈቅዳ መጠቅለሏ ላይ ነው። እምዬ መለኪያ ነበራት። ስንዝር ተኩል የሚሆን ክር በሁለት እጇ ወጥራ ትይዝና እጆቿን ታቀራርባለች። ክሩ ወዲያው ራሱ ላይ ከተጠማዘዘ ለድር ይሆናል። ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ማግ ነው። በከፊል ተጠማዝዞ የሚያመነታ ከሆነ “ይሄ ደግሞ የማን ነው?” ትልና ለመቋጠሪያ ታስቀረዋለች።

እርጅና ሲመጣ ድሩን ለእናቴ ትታ ማጉን ብቻ ያዘች። እንዝርትን አጥብቆ ማሾር የትከሻና የጭን ጉልበት ይፈልጋል። ዛሬ እኔ ዘንድ ያለው ጋቢ እንዲህ የተሠራ ነው፤ ርዝመቱ የእናቴ፣ አግድሙ የእምዬ። ሰው ይህን ስነግረው የሚያምር ምሳሌ ሊያወጣበት ይሞክራል። እኔ እነዚያ ሁለት እጆች ምን ያህል እንደሚለያዩ ማየት ይበቃኛል። የእናቴ ክር ቀጥ ያለ ነው፣ ስሕተት አይገኝበትም። የእምዬ ክር ትንሽ ይተነፍሳል፤ ወፈር ይላል፣ ቀጠን ይላል፣ ግን ሽግግሩ ድንገተኛ አይደለም። ቅጥሏን ፈልጌ ያገኘሁበት ጊዜም የለም። የተበጠሰ ክር በቋጠሮ አትቀጥልም፤ የሁለቱን ጫፍ ክርረት ፈትታ፣ ጸጉሩን በጸጉር ላይ አስተኝታ፣ ምራቅ አስነክታ እንደገና ታከርረዋለች። በአራት እጥፍ ጋቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ቅጥል ስንት እንዳለ መገመት ነው እንጂ መቁጠር አይቻልም።

በእንዶድ ሲታጠብ ጋቢው ይበልጥ ይሻላል። የላላው ማግ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በድሩ መካከል የነበረውን ክፍተት ይሞላል፤ አዲስ ሲሆን ወንፊት የሚመስለው ሦስትና አራት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ይደፈናል። በጣሊያን የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና መሰሎቹ ድሩን ከሴቶች ጭን ላይ አንሥተውታል፤ አልነቅፋቸውም፣ ድር መፍተል አድካሚ ነው። ማጉም የፋብሪካ ከሆነ ግን ጋቢው ሲታጠብ እንደ ነበረው ይቀራል።

ደብረ ታቦር በእጅ ሥራ ስሟ ሲነሣ ወዲያው ጋፋት ይጠራል፤ እዚያ የተሠራው የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ። ይገባዋል። ያንን መድፍ ወደ መቅደላ የጎተተው ሠራዊት ብርዱን በማን ፈትል እንዳለፈው ግን ታሪክ ጸሐፊ አልጻፈም። ፈታይን ያሰባት ሠዓሊው ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ገብርኤል ሲያበሥራት እመቤታችን እንዝርት ይዛ ትታያለች። እምዬ ተሳልማ ስትጨርስ ሥዕሉን ቆማ ትመረምረው ነበር። አንድ ቀን “የሣለው ሰው ፈትሎ አያውቅም” አለችኝ፤ ክሩ ረግቧል። እንዝርት ተንጠልጥላ እየዞረች ክር አይረግብም።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አካባቢ አውራ አምባ አለ፤ በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተና በሽመና የሚታወቅ ማኅበረሰብ። መሥራቹ አቶ ዙምራ ኑሩ ነገሩ ከእናታቸው እንደጀመረ ደጋግመው ተናግረዋል። እናት ከአባት ጋር እኩል እርሻ ውላ ትገባለች፤ አባት ያርፋል፣ እናት የቤቱን ሥራ ትጀምራለች፤ ልጁም ለምን ብሎ ጠየቀ። እኔ የእምዬን እንዝርት በማታ ስሰማ የሚያስተኛ ድምፅ ነው ብዬ እተኛ ነበር፤ ሌላ ልጅ ያንኑ ሰዓት አይቶ ሥርዓት ለወጠበት። በአውራ አምባ ሴቷ ትሸምናለች፣ ወንዱ ይፈትላል።

እዚያ ሄጄ አንድ ጎልማሳ ሲፈትል አጠገቡ ተቀመጥኩ። እንዝርቱን ሲያሾር ጭኑ ላይ የሚያሳርፈው መዳፍ፣ ክሩን የሚያሳልፉት ጣቶች፣ ሁሉም የማውቀው ነው። አስፈቅጄ ስንዝር ተኩል ክር ወጥሬ ያዝኩና እጆቼን አቀራረብኩ። ወዲያው ተጠማዘዘ። “ለድር ነው?” አልኩት። “ለድር ነው፤ በምን አወቅህ?” አለኝ።