ውሃን መከልከል ወይስ መሸኘት? ስለ ላሊበላ ጥገና አስተያየት

የኮንክሪት ቤት ብዙውን ጊዜ ውሃ የሚያስገባው በመጋጠሚያው ነው። ኮንክሪት በሙቀት ይሰፋል፥ በብርድ ይጠባል፤ ስለዚህ መጋጠሚያው በደረቅ ሲሚንቶ ቢደፈን ተመልሶ ይሰነጠቃል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ዐለት የተፈለፈሉ ስለ ሆኑ መጋጠሚያ የላቸውም፤ ዳሩ ግን ስንጥቃቸው የመጋጠሚያን ጠባይ ይዟል። ይህን ያልመረመረ ጥገና የሚያስከትለው ጉዳት በላስታ ታይቷል።

በ1954 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጥገና አንዳንዶቹ በሬንጅ ተለቀለቁ። ሐሳቡ ዝናብን ለመከልከል ነበር፤ ነገር ግን ሬንጁ በዐለቱ ውስጥ ያለውን እርጥበት መውጫ አሳጣው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በኢጣልያዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ቡድን ይህንኑ ቅብ መላጥ ግድ ሆነበት። በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ መጠለያ ቆመ። መጠለያው ዝናቡን እንደሚከላከል አንክድም፤ ሆኖም ስንጥቅን አይጠግንም፤ ሕዝቡም በ2018 ሥጋቱን በሰልፍ ገልጧል።

ቤተ ጊዮርጊስን የፈለፈሉት ሰዎች ከዚያው ዐለት አሽንዳ አውጥተው ውሃውን ሸኙት እንጂ አላፈኑትም። እኛም ማንኛውንም ጥገና፥ የዐለትም ሆነ የኮንክሪት፥ በሁለት ጥያቄ እንመዝን እንላለን፤ የገባው ውሃ በየት ይወጣል? ስንጥቁስ ሲንቀሳቀስ መሙያው አብሮት ይንቀሳቀሳልን? ለሁለቱ መልስ የሌለው ጥገና፥ ወጪው የቱንም ያህል ቢበዛ፥ ጉዳቱን ለሚቀጥለው ክረምት ከማስተላለፍ በቀር ሌላ ፋይዳ የለውም።