የደረቀው ዛፍና ሐውልቱ

ሰው የሚወደው ነገር ሲሞትበት ከሁለት ምኞት አንዱ ይይዘዋል። አንደኛው ቶሎ ከዓይኑ አርቆ መርሳት ነው፤ ሁለተኛው እንደ ቆመ አድርጎ ማቆየት ነው። ሁለቱም ከኀዘን የሚወለዱ ስለ ሆኑ በኀዘንተኛው ላይ መፍረድ አይገባም። ነገር ግን ኀዘን ወደ እጅ ሥራ ተለውጦ በአደባባይ ሲቆም፣ መንገደኛው ሁሉ ያየዋልና ሊመዘን ይገባዋል። እንግዲህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በጓሮ የደረቀን ዛፍ ሳይነቅሉ በቆመበት ጠርቦ ሐውልት ስለ ማድረግ ጥቂት እንመርምር። ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል፤ በውስጡ ግን «የሞተ ነገር እንዴት ይታሰባል?» የሚል ትልቅ ጥያቄ አለበት።

ለዚህ ምርመራ የምትመቸን በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ጠረፍ በደሴት ላይ የተሠራችው የጋልቬስተን ከተማ ናት። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በሴፕቴምበር 8 ቀን 1900 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ላይ ታላቅ ማዕበል ተነሥቶ ከ6,000 እስከ 8,000 የሚገመት ሰው ፈጀ። ከተረፉት ብዙዎቹ ከተማቸውን አልተዉም። ከ5 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የባሕር ግንብ ሠሩ፤ ቤቶቻቸውን ከመሠረታቸው እያነሡ፣ ከሥር አሸዋ እየሞሉ፣ መሬቱን ራሱን ከፍ አደረጉት። ነገር ግን አሸዋው የቀድሞውን አትክልት ስለ ቀበረው ከተማይቱ ራቍቷን ቀረች። ያን ጊዜ የከተማይቱ ሴቶች በማኅበር ሆነው በየመንገዱና በየግቢው ዛፍ እንደ ገና እንዲተከል ደከሙ። ከተተከለውም ሁሉ ዋነኛው ክረምት ከበጋ ልምላሜው የማይለየው ኦክ የሚባለው ዛፍ ነበረ።

እነዚህ ዛፎች መቶ ዓመት ያህል ጥላ ሆነው ኖሩ። በሴፕቴምበር 13 ቀን 2008 ዓ.ም. አይክ የተባለው አውሎ ነፋስ ደረሰ። ኦክ ሥሩም ቅርንጫፉም ጽኑ ነውና ነፋሱን ብዙው ቆሞ አሳለፈው። የገደለው ከተማይቱን ያጥለቀለቃት የባሕር ውሃ ነው። በአፈር ውስጥ ጨው ሲበዛ ሥር ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ ስለዚህ ዛፉ በውሃ መካከል ቆሞ በጥም ይሞታል። ባለቤቶቹ በሚመጣው ጸደይ ያቈጠቍጣል ብለው ጠበቁ። ብዙው ግን አላቈጠቈጠም። የሞቱት ዛፎች 40,000 ያህል ሆኑ።

አብዛኞቹ ተቈርጠው ተወሰዱ። አንዳንድ ሰዎች ግን ግንዱን ከነቁመቱ አስቀርተው ቀራጺ አስመጡ። ኧርል ጆንስ፣ ዴል ሉዊስና ጂም ፊሊፕስ የሚባሉት ቀራጺዎች በሞተር መጋዝና በመሮ እየጠረቡ ከደረቀው ኦክ ፔሊካንን፣ ሳቢሳን፣ ዶልፊንን፣ መልአክን፣ ውሻን አወጡ። ዛሬ እንግዳ ወደ ከተማይቱ ሲመጣ ከግቢ ወደ ግቢ እየዞረ እነርሱን ይመለከታል።

አንድ ነቃፊ ይህን ሰምቶ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ብሎ ሊስቅ ይችላል። በሕይወቱ ሳለ ውሃ ያላጠጡትን ዛፍ ከሞተ በኋላ መሸለም ምን ይባላል ይል ይሆናል። ይህ ነቀፋ ግን ለጋልቬስተን ሰዎች አይገባም። ዛፉን የገደለው ንዝህላልነታቸው አይደለም፤ ባሕሩ ነው። ደግሞም በማዕበሉ ቤቱ የተበላሸበት ሰው፣ ግድግዳው ሳይደርቅ ለዛፉ ማሰቡ የልብን ስፋት ያሳያል። ከዚህም በላይ ሥራው አንድ ብልኅነት አለው። ከዛፍ የተሠራ ወንበር ወይም ሳጥን ወደ ፈለጉበት ይወሰዳል፤ ከየት እንደ መጣም ይረሳል። በሥሩ ላይ እንደ ቆመ የተጠረበ ግንድ ግን «እዚህ ነበርኩ» ይላል። ልጆች በጥላው የተጫወቱበት ስፍራ እስከ ተወሰነ ጊዜ ድረስ ባዶ አይሆንም። ይህን ማመስገን ይገባል።

ምስጋናው እዚህ ላይ ይቁምና ወደ ሚዛኑ እንሂድ። ከድንጋይ ቤት የመጣ ድንጋይ ለቀራጺው ገና ያልተጻፈበት ወረቀት ነው። ዛፍ ግን ቀራጺው ሳይመጣ በፊት የተጻፈ መጽሐፍ ነው። የተጎነበሰበት ወገን ነፋስ የገፋውን ያሳያል፤ የተዘረጋው ክንድ ብርሃን የፈለገበትን ያመለክታል፤ ቍስሉ የከረመበት ጕጥ የተሰበረ ቅርንጫፍን ይናገራል። እንግዲህ መልካም ቀራጺ የምለው መሮውን ከማንሣቱ በፊት ይህን የሚያነበውን ነው። ወደ ላይ የቀጠነው ቅርንጫፍ የሳቢሳ አንገት ቢሆን፣ ግራና ቀኝ የተከፈለው ባላ የመልአክ ክንፍ ቢሆን፣ ዛፉ የጀመረውን ሰው ጨረሰው ይባላል። ባላውን ቈርጦ፣ ጕጡን ልጦ፣ ከየትኛውም ግንድ ሊወጣ የሚችል ምስል ማውጣት ግን እጅ ብልኅ ቢሆንም እንኳ ዛፉን ሁለተኛ መግደል ነው።

በዚህ ሚዛን ሲሊ በሚባለው መንገድ ያለውን ትልቅ ውሻ እንመልከት። ግሬት ዴን የሚባለውን ዘር የሚመስል ቁመተ ረጅም ውሻ ነው፤ የሚያየው ሁሉ ይወደዋል፤ እኔም አልጠላሁትም። ነገር ግን ይህ ሐውልት የማን መታሰቢያ ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ የውሻ ነው። መቶ ዓመት ጥላ የሰጠው ዛፍ ለሌላ ሐውልት ዕቃ ሆኖ ቀረ። ዊኒ በሚባለው መንገድ ደግሞ የቆርቆሮው ሰው ከትንሹ ውሻ ከቶቶ ጋር ቆሟል። የ1939ኙን የኦዝ ፊልም ከፊል ያዘጋጀው ኪንግ ቪዶር በጋልቬስተን ተወልዶ የ1900ውን ማዕበል በልጅነቱ ያየ ሰው ስለ ሆነ፣ ምርጫው ለከተማይቱ ታሪክ ባዕድ አይደለም። ዳሩ ግን የቆርቆሮው ሰው በተረቱ ውስጥ ሥራው ምንድን ነው? እንጨት ቈራጭ ነው። በሞቱት ዛፎች መታሰቢያ መካከል መጥረቢያ ያዡን ማቆም፣ ሳይታሰብ የተደረገ ቢሆንም፣ የሚያስገርም ነገር ነው። የቆርቆሮው ሰው በተረቱ ውስጥ የሚፈልገው ልብ እንደ ሆነ ስናስታውስ ግን ቍጣችን ይበርዳል።

የእኛም አገር በዚህ ነገር የምትናገረው አላት። የኮንሶ ሕዝብ ለጀግኖቹና ለታላላቆቹ ከጠንካራ እንጨት ዋካ የሚባል ሐውልት እየጠረበ ያቆማል። የኮንሶ ምድር በ2011 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ እነዚህ ሐውልቶችም ከታወቁለት ነገሮች አንዱ ነበሩ። ዋካ ብቻውን አይቆምም፤ በሟቹ ምስል አጠገብ ሚስቶቹና የገደላቸው ጠላቶች ወይም አራዊት ይቆማሉ። ስለዚህ የሚያልፈው ሰው ሟቹን ባያውቀው እንኳ ምን እንዳደረገ ከሐውልቱ ያነባል። ከዚህ የምንማረው ሕግ አጭር ነው፤ መታሰቢያ የሟቹን ሥራ ይናገር። ኮንሶ እንጨቱን ለሰው መታሰቢያ አደረገው፤ ጋልቬስተን እንጨቱን ለእንጨቱ መታሰቢያ ሊያደርገው ፈለገ፤ ብዙ ጊዜ ግን ዛፉ የሠራውን ሥራ መናገር ረሳ። ከምስሎቹ ሁሉ ለዚህ ሕግ የሚቀርቡት ወፎቹ ናቸው። ወፍ በዛፍ ላይ ይቀመጥ ነበርና፣ ወፍ የሆነ ቅርንጫፍ ዛፉ ለማን ማረፊያ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ከጋልቬስተን የደረቁ ኦኮች ሌላ ዕጣ የደረሳቸውም አሉ። ቻርልስ ደብሊው ሞርጋን የሚባል በ1841 ዓ.ም. የተሠራ የዓሣ ነባሪ አዳኞች መርከብ ሲታደስ፣ ከዚያ የተቈረጠ ኦክ ተወስዶ ለአካሉ ጥገና ዋለ። መርከብ ሠሪ ቀጥ ያለ እንጨት ብቻ አይፈልግም፤ ለመርከቡ ጎድን የሚሆን፣ ዛፉ ራሱ አጐንብሶ ያሳደገውን ክንድ ይፈልጋል። መርከቡም በ2014 ዓ.ም. እንደ ገና በባሕር ላይ ሄደ። ባሕር የገደለው ዛፍ በባሕር ላይ ተጓዘ ማለት ነው። ማንም ምስል አልቀረጸበትም፤ ነገር ግን ጐባጣነቱ ለጐባጣው ሥራ ስለ ዋለ ከብዙ ሐውልት ይልቅ ተከብሯል እላለሁ። መርከብ ሠሪውም መልካሙም ቀራጺ አንድ ጥበብ አላቸው፤ ይኸውም ከማዘዝ በፊት ማየት ነው።

አሁን የማይወደደውን ነገር መናገር አለብን። ሐውልቱም ይሞታል። ግንዱ በደረቀ መጠን ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ዝናብ ይገባል፤ የሞተው ሥር በእርጥብ አፈር ውስጥ ስላለ ብስባሴው ከእግሩ ይጀምራል፤ ምስጥም ይከተላል። በየጊዜው ዘይት ወይም ቫርኒሽ ቢቀቡት ዕድሜው ይረዝማል እንጂ ዘላለማዊ አይሆንም። እግሩ የበሰበሰ ግንድ ደግሞ ውብ ምስል ስለ ተሸከመ ከመውደቅ አይመለስም፤ በቤትና በልጅ ላይ ሊወድቅ ይችላል። እንግዲህ ሐውልት ያቆመ ሰው የሚፈርስበትንም ቀን አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። ይህ ሥራውን አያዋርደውም። ሰውም ለሚሞት ወዳጁ መልካም ያደርጋል።

ስለዚህ የመጨረሻው ጥያቄ ሐውልቱ ያምራል ወይስ አያምርም የሚል አይደለም። በአጠገቡ ምን ተተከለ? የሚል ነው። ከአይክ በኋላ በጋልቬስተን ዛፍ የሚተክል ማኅበር ተቋቁሞ ለከተማይቱ አዲስ ዛፎችን ሲተክል ቆይቷል። የችግኝ ጕድጓድ ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጣ እንግዳ የለም፤ ሁለት ክንድ የማትሞላ ለጋ ዛፍ አጠገብ ቆሞ ፎቶግራፍ የሚነሣም ጥቂት ነው። ነገር ግን የ1900ውን ኀዘን መቶ ዓመት የተሸከሙት እንዲህ ያሉት ለጋዎች ነበሩ። ተካዮቹ ሴቶች በዛፎቹ ሙሉ ጥላ ሥር ለመቀመጥ እንደማይደርሱ እያወቁ ተከሉ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላል። በግቢህ አባትህ የተከለው ዛፍ ቢደርቅና ገንዘብም ጥበብም ቢኖርህ፣ ግንዱን አታስጠርብ አልልህም። አስጠርበው፤ ነገር ግን አስቀድመህ በዙሪያው ሦስት ጊዜ ዙር፤ በየት እንደ ጐበጠ፣ ክንዱን ወዴት እንደ ዘረጋ፣ ማን በላዩ ጎጆ ይሠራ እንደ ነበረ ተመልከት፤ ለቀራጺውም ይህን ንገረው። ከዚያ በኋላ ሐውልቱ ከሚቆምበት ጥቂት ራቅ ብለህ ጕድጓድ ቈፍርና ችግኝ ትከል፤ በየማታውም ውሃ አጠጣው። ሐውልቱ የሚፈርስበት ቀን ሲደርስ፣ ጎረቤቶችህ ምን ቀረ ብለው እንዳይጠይቁህ፣ በዚያ ስፍራ ጥላ ይቈያቸው።