ከጥያቄው በፊት ያለቀ ሥራ

ኤፍሰርች የተባለው የሊኑክስ ፋይል መፈለጊያ ዓይን እምብዛም አይስብም። ከላይ መጻፊያ ሳጥን፣ ከሥሩ ሠንጠረዥ፣ በቃ። ውበቱ የሚታየው መጻፍ ሲጀመር ነው። «ፈልግ» የሚል ቁልፍ መጫን አያስፈልግም፤ አንድ ፊደል ሲነካ ዝርዝሩ ይወጣል፣ ሌላ ሲጨመር ይጠባል፣ ሲሰረዝ መልሶ ይሰፋል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፋይል ባለበት ዲስክ ላይ እንኳ ውጤቱ ከጣት ወደኋላ አይቀርም።

ዙቡንቱ ከተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ጋር አብሮ የሚመጣው ፈላጊ፣ ካትፊሽ፣ ጥያቄ ሲቀርብለት ተነሥቶ ፎልደር ለፎልደር ይዞራል። ኤፍሰርች ግን ባለጉዳይ ሳይመጣ መዝገቡን አዘጋጅቶ እንደሚጠብቅ ጎበዝ የመዝገብ ቤት ሹም ነው። የየፋይሉን ስም፣ አድራሻ፣ መጠንና የተሻሻለበትን ቀን አስቀድሞ ሰብስቦ ሚሞሪ ውስጥ ይይዛል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሠንጠረዡ ነው። «መጠን» የሚለው ራስጌ ሲነካ ያ ሁሉ ዝርዝር ወዲያው ተራውን ይቀይራል። ደራሲው ክርስቲያን ቦክስዶርፈር ፋይሎቹን በስም ብቻ ሳይሆን በመጠንም በቀንም ቀድሞ ደርድሮ ስላስቀመጣቸው፣ በዚያች ቅጽበት የሚደረደር ነገር የለም። ዝርዝሩን የሚስለውን ክፍልም ጂቲኬ በተባለው የመስኮት መሥሪያ ዝግጁ ሠንጠረዥ ሳይረካ ራሱ እንደ አዲስ ጽፎታል፤ የሚሳሉት ስክሪኑ ላይ ያሉት መስመሮች ብቻ ናቸው። ይህን ድካም ተጠቃሚ አያየውም፤ የሚያየው ሳይንገጫገጭ የሚወርድ ዝርዝር ነው።

ጥቃቅኑም ነገር ታስቦበታል። በሚፈለገው ጽሑፍ ውስጥ እዝባር (/) ካለ፣ ፈላጊው ፎልደርን ማለቱ እንደሆነ ገምቶ በአድራሻው ውስጥም ይፈልጋል። በላቲን ትልቅ ፊደል ከተጻፈ ደግሞ ትልቅና ትንሹን መለየት ይጀምራል። ማንም ሳይነግረው! ብዙ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ነገር በምርጫ ሣጥን አጨናንቆ ለተጠቃሚው ይተወዋል።

ጉድለትም አለው። የሚያውቀው መዝገቡ ሲታደስ የነበረውን ስለሆነ፣ አሁን የተቀመጠ ፋይል ሊያመልጠው ይችላል፤ እዚህ ላይ ዘገምተኛው ካትፊሽ ይበልጠዋል። ኤፍሰርች የሚያየውም ስምንና አድራሻን እንጂ የፋይሉን ውስጥ አይደለም። በፒዲኤፍ ወይም በኢሜይል ውስጥ ያለን ቃል ለሚሻ ዛፒያን በተባለ ሞተር የሚሠራው ሪኮል አለ፤ መልኩ ግን የመሐንዲስ ጠረጴዛ ይመስላል።

በአማርኛ ስም ለሚያስቀምጥ ሰው ሌላ ችግር አለ። «ፀሐይ» ተብሎ የተቀመጠ ፋይል «ጸሀይ» ተብሎ ቢፈለግ አይገኝም፤ ለኮምፒውተሩ «ፀ» እና «ጸ» ምንም ዝምድና የላቸውም። ሬጌክስ የተባለውን የፍለጋ ስልት ከፍቶ [ጸፀ][ሀሐኀሃ]ይ ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ለደብዳቤ ጸሐፊና ለሒሳብ ሠራተኛ ግን ይህ አይመከርም። የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደ አንድ የሚያይ ፕሮግራም ሀ፣ ሐ እና ኀንም እንደ አንድ እንዲያይ ማድረግ የሚቻል ሥራ ነው። ኤፍሰርች ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው፣ ኮዱም በጂፒኤል ፈቃድ ለሁሉም ክፍት ነው። ሲ የምትችሉ የአማርኛ ተናጋሪዎች፣ እባካችሁ ይህችን ነገር ጨምሩበት።