«የጎሣ ሰዎች» ወይስ ጭፍራ? በሁለት የእርሳስ ወታደር ሣጥኖች ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

ብሪተንስ የተባለው የለንደን አሻንጉሊት ፋብሪካ በኢጣሊያና በኢትዮጵያ ጦርነት ሰሞን ሁለት ሣጥን የእርሳስ ወታደሮች ለገበያ አቅርቦ ነበር። በፋብሪካው ካታሎግ ቁጥር 1424 የተሰጠው ሣጥን «የአቢሲኒያ ንጉሠ ነገሥት ዘብ» ሲባል፣ ቁጥር 1425 ደግሞ «የአቢሲኒያ የጎሣ ሰዎች» ተብሏል። ምስሎቹ ቁመታቸው አምስት ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ጠመንጃ የያዙና ጫማ የሌላቸው ናቸው። የተሠሩትም ፋብሪካው ከ1893 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚታወቅበት ዘዴ ነው፤ የቀለጠው እርሳስ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ፈስሶ ዳር ዳሩ እንደረጋ ቀሪው ይገለበጣል፤ በዚህም ምስሉ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይወጣል።

ሰብሳቢዎች ዛሬ እነዚህን ሣጥኖች የሚመዝኑት በቀለማቸው ጤንነት፣ በምስሎቹ መሟላትና በካርቶኑ ይዞታ ነው። በሣጥኑ ላይ የሰፈረው ስም ግን ሳይመረመር ከጨረታ ዝርዝር ወደ ጨረታ ዝርዝር ይሸጋገራል። የዚህ ሂስ ጉዳይ ይኸው ስም ነው።

ስያሜው የሚመዘነው ከጎረቤቶቹ ጋር ሲነጻጸር ነው። ያው ፋብሪካ በዚያው ዘመን የኢጣሊያን ወታደሮችም ሠርቷል። እነርሱ ግን «እግረኛ ጦር»፣ «ካራቢኒየሪ» እየተባሉ በጦር ክፍላቸው ተጠርተዋል። የኢጣሊያ ወታደር በሥራው ሲታወቅ፣ ከኢትዮጵያውያኑ አንደኛው በጌታው፣ ሁለተኛው በትውልዱ ታወቀ። ልጁ ሁለቱን ወገን ወለል ላይ ደርድሮ ሲያዋጋ በአንድ በኩል ሠራዊት፣ በሌላው በኩል አንድ ዘብና ስም የለሽ ሕዝብ ተሰለፉለት።

አማርኛ ስለዚያ ጦር የሚናገረው ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ፊታውራሪ በፊት የሚዘምት ነው፤ ቀኝአዝማች ቀኙን፣ ግራዝማች ግራውን ያዘምታል፤ ደጃዝማች የደጁ አዝማች ነው፤ ከኋላ ደጀን አለ። ማዕርጎቹ በጊዜ ብዛት የክብር መጠሪያ ቢሆኑም፣ በአንድነት ሲነበቡ በጉዞ ላይ ያለ የአንድ ሠራዊት አሰላለፍ ናቸው። ነጋሪት ተጎስሞ ክተት ሲታወጅ ስንቁን ይዞ የሚመጣው ሰው በማን ሥር እንደሚሰለፍ ያውቅ ነበር። በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር የራስ ካሣ፣ የራስ ሥዩም፣ የራስ እምሩና የጦር ሚኒስትሩ የራስ ሙሉጌታ ጦር የተሰለፈው በዚሁ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ከዘመናዊ ጦርነት ጋር አልተመጣጠነም ብሎ መተቸት ይቻላል፤ ሥርዓት አልነበረም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። «የጎሣ ሰዎች» የሚለው ቃል የሚያጠፋው በትክክል ይህንን አሰላለፍ ነው።

ለፋብሪካው የሚነገር መከላከያ አለ። በእንግሊዝ አገር ለኢትዮጵያ የሚያዝን ሕዝብ ብዙ ነበር፤ ሣጥኖቹም ልጁ ከተጠቃው ወገን እንዲቆም ዕድል ሰጥተውታል። የዘበኛው ምስልም ከሐሰት አልተነሣም። ከ1930 እ.ኤ.አ. ወዲህ በቤልጂግ መኮንኖች የሠለጠነው ክብር ዘበኛ የካኪ የደንብ ልብስ ለብሶ በባዶ እግሩ ይሰለፍ ነበር። ሆኖም እውነተኛ የሆነ ዝርዝር ሁሉ እውነትን አይናገርም። በአሻንጉሊቱ ላይ ባዶ እግር የአገር ቤት ጌጥ፣ የሩቅነት ምልክት ነው። በጦር ሜዳ ግን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ ሲያዘንቡ በመርዙ የረሰረሰውን ሣርና ቁጥቋጦ የረገጠው፣ ተቃጥሎም የተላጠው ይኸው እግር ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የተዋጋው ክብር ዘበኛም በዚሁ እግር ቆሞ ነው።

የስያሜው ጉዳይ ከመጫወቻ ወለል አልፎ ይሄዳል። ከወረራው አንድ ወር ቀደም ብሎ ኢጣሊያ ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረበችው የክስ ጽሑፍ የተከራከረችው ኢትዮጵያ ከሠለጠኑ መንግሥታት ጋር በእኩልነት ልትቆጠር አይገባትም ብላ ነው። አሻንጉሊት ሠሪው ይህን ክስ አልደገፈም፤ ምናልባትም አላሰበውም። ነገር ግን የሣጥኑ ቃልና የክሱ ቃል ከአንድ መዝገብ የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም በመንግሥት ፋንታ ጎሣን ያያሉ።

ሌላ አጠራር ይቻል እንደነበር ጅቡቲ ከተማ ምስክር ናት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ከዚህች ወደብ ወደ አውሮፓ የላከቻቸውን ወታደሮች «የሶማሌ ሻለቃ ጦር» ብላ ሰይማለች፤ ሻለቃውም ጥቅምት 1916 እ.ኤ.አ. ዱዎሞን የተባለው ምሽግ ሲመለስ ተዋግቷል። ስሙ ከቅኝ ገዥ ዓይን የጠራ አይደለም፤ የነገድ ስም አለበት። ግን በሰዋስው መንገድ ቢታይ «ሶማሌ» ቅጽል፣ «ሻለቃ ጦር» ስም ነው። በቁጥር 1425 ላይ ግን «ጎሣ» ራሱ የስሙ አካል ሆኗል፤ ከሥሩ ጦር የሚል ቃል የለም።

በዚችው ከተማ ልዩነቱ የሕግም የነፍስም ጉዳይ ነበር። ባሕር በር ላልነበራት ኢትዮጵያ የመሣሪያ ዋና መግቢያ የጅቡቲ ወደብና በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ነበሩ። በ1930 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ፣ ከእንግሊዝና ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው የመሣሪያ ውል መሣሪያ የማስገባትን መብት የሚሰጠው ለኢትዮጵያ መንግሥት ነው፤ ጎሣ የውል ባለቤት አይሆንም። ጥር 1935 እ.ኤ.አ. ግን ላቫል ከሙሶሊኒ ጋር ሲስማማ ከዚሁ የባቡር ኩባንያ አክሲዮን የተወሰነውን ለኢጣሊያ ለቀቀ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ የተነሡት በዚሁ ሐዲድ ነው፤ ከጅቡቲም ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ መርከብ ተጓዙ። የተሰደዱት የአንድ መንግሥት መሪ ሆነው በመሆኑ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቫ ቆመው ለመናገር ቻሉ።

እንግዲህ የሣጥኑን ጽሑፍ መፋቅ አይገባም፤ ቃሉ የዘመኑ ማስረጃ ነውና በጥቅስ ውስጥ ይቆይ። ገላጩ፣ ሻጩና ቤተ መዘክሩ ግን የፋብሪካውን ቃል እንደ ራሳቸው ቃል ማስተጋባት የለባቸውም። ለቁጥር 1424 «ክብር ዘበኛ» የሚል የራሱ ስም አለው። ለቁጥር 1425 «የክተት ጦር» ወይም «የመኳንንት ጭፍራ» ማለት ይበቃል። ያን ጊዜ ሰብሳቢው በእጁ የያዘው ምስል ከየትኛው ሠራዊት እንደ ወጣ ያውቃል።